የእትዬ ሰዓት ከኮምፒውተሬ አይገጥምም

እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበ የእጅ ኮምፒውተር ዛሬም ከቦርሳቸው የማይጠፋ ጎረቤት አሉኝ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአያት አልፎ፣ ሰው ከተማው አልቋል ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ የሚመጣው ሰፈር። ብሎኩ በሙሉ እትዬ ብሎ ይጠራቸዋል፤ እኔም እዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። በጤና ሙያ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አሁን የብሎካችን እድር ጸሐፊ ናቸው፤ የማርያም ጽዋ ማኅበራቸውን ተራ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው። የእድርተኛው ስም ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀጠሮው፣ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ሁሉም ያለው መዳፍ በምታህል አንዲት መሣሪያ ውስጥ ነው። ድሮ ይሠሩበት የነበረ ፕሮጀክት ሲዘጋ በእጃቸው የቀረች ናት።

መሣሪያዋ ሃንድስፕሪንግ ቪዘር ትባላለች። ስማርት ስልክ ከመምጣቱ በፊት ሰው ቀጠሮውንና አድራሻውን የሚይዝባቸው እንዲህ ያሉ የኪስ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ስመ ጥሩው ፓልም ፓይለት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የፓልም መሥራች ጄፍ ሃውኪንስ ገና በንድፍ ላይ ሳለ በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍ ያስመስል ነበር። በ1998 ሃውኪንስ ከዶና ዱቢንስኪና ከኤድ ኮሊጋን ጋር ፓልምን ለቅቆ ሃንድስፕሪንግን አቋቋመ። ቪዘር የመጀመሪያ ምርታቸው ነበረች። በ2003 ሁለቱ ኩባንያዎች ተመልሰው ተዋሃዱ። እትዬን ይህ ታሪክ አይመለከታቸውም። እሳቸው የሚያውቁት በሁለት የሪሞት ባትሪ እንደምትሠራና ባትሪው ለሳምንታት እንደሚቆይ ነው።

ጭንቀታቸውም ከዚሁ ባትሪ ይመጣል። ቪዘር ያላት 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉንም የሚረሳ ዓይነት ነው። ባትሪው ጨርሶ ካለቀ መሣሪያዋ እንደ አዲስ ትነሣለች፤ ስም የለ፣ ቀጠሮ የለ። ባትሪ ሲቀየር እንኳ ያለ ባትሪ ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየት የለባትም። እትዬ ባትሪ ሲቀይሩ አይቻለሁ። አዲሶቹን ከማሸጊያቸው አውጥተው፣ የሚገቡበትን አቅጣጫ አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ፤ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ዝም ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። በቅርቡ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ጥንድ ባትሪ ገና ከመግባቱ ደክሞ ስላስደነገጣቸው፣ ቅጂ ይቀመጥልኝ ብለው ተነሡ። ቀድሞ ቅጂ ነበራቸው፤ ቅጂው የነበረበት ኮምፒውተር ግን ከቆራሌው ጋር ከሄደ ቆይቷል።

እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የጥገና ሱቅ ወስደዋት ነበር። ልጁ ገመዱን ሰካ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፣ ወዲያው “እማማ፣ ፎርማት ይደረግ” አላቸው። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ምን እንደሚሆን ጠየቁት። ይጠፋል አላቸው። “እሱንማ ባትሪው በነጻ ሊያደርግልኝ ነው” ብለው መሣሪያቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ወጡ።

ይህ የፎርማት ልማድ ያበሳጨኛል። ስልክ ሲዘገይ ፎርማት፣ ፍላሽ አልከፈት ሲል ፎርማት፣ ፕሪንተር ሲያኮርፍ እንኳ ፎርማት የሚል ባለሙያ አጋጥሞኛል። ብሎካችን ላይ ውሃ ሲጠፋ ሕንፃው ይፍረስ የሚል የለም። ከሮቶው ይጀመራል፣ ቫልቩ ይታያል፣ ቆጣሪው ይታያል፤ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ሲታወቅ የቆመበት ቦታ ራሱ ይገኛል። በቪዘርና በኮምፒውተር መካከልም ያለው መንገድ እንዲሁ በየደረጃው የሚታይ ነው። መሣሪያዋ አለች፣ ከኮምፒውተር ጋር ስትገናኝ የምትቆምበት መቀመጫዋ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ልብ የሆነው ከርነል አለ፣ ፈቃድ አለ፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙ አለ። እያንዳንዱ ደረጃ ሲጠየቅ ይመልሳል። መጠየቅ ብቻ ነው።

የእኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ሊኑክስን የሚያህል የለም። በግሬግ ክሮዋ-ሃርትማን የተጻፈውና በዩኤስቢ የሚሰኩ ፓልሞችንም የሚያስተናግደው የከርነል ድራይቨር (ከርነሉ ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል) ስሙ ራሱ ‹ቪዘር› ነው። መሣሪያዋን የሠራው ኩባንያ ከገበያ ጠፍቶም ድራይቨሩ ከከርነሉ አልወጣም። እትዬ ይህን ስነግራቸው ኮሩ። “ስሟ ተጽፏል ማለት ነው?” አሉኝ። ተጽፏል።

ገመዱን ሰክቼ የተሰኩትን የዩኤስቢ መሣሪያዎች ዝርዝር ጠየቅሁ። ቪዘር የለችም። የጥገና ሱቁ ልጅ ተስፋ የቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ አልፈርድበትም፣ ምክንያቱም ዛሬ የምንጠቀምበት ዕቃ ሁሉ እንደተሰካ ራሱን ያሳውቃል። ቪዘርና የዘመኗ ፓልሞች ግን እንዲያ አይደሉም። መቀመጫው ላይ ያለው የማመሳሰያ ቁልፍ (መሣሪያውና ኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት መዝገብ እንዲይዙ የሚያገናኛቸው) እስኪጫን ድረስ ለኮምፒውተሩ የሉም። ቁልፉ ሲጫን ብቅ ይላሉ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ የሚያናግራቸው ካላገኙ ተመልሰው ይሰወራሉ። ስለዚህ “አልታየም” ከማለት በፊት ቁልፉን ተጭኖ የከርነሉን መዝገብ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቁልፉ ተጫነ። የቪዘሯ ስክሪን እየተገናኘሁ ነው አለ፤ የከርነሉ መዝገብ ላይ ግን አንድ መስመር አልተጨመረም። ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነበር። ቁልፉ መሥራቱን መሣሪያዋ አውቃለች፣ መልእክቱ ግን ገመዱን አልፎ አልመጣም፤ እንግዲህ የተቋረጠው በሁለቱ መካከል ነው። መቀመጫው ለዓመታት ቡፌ ላይ፣ ዳንቴል ሥር የኖረ ነው፤ የአባዶን አቧራ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል። በመቀመጫው ውስጥ የተደረደሩት ትንንሽ የብረት ጥርሶች ጠቁረዋል። ከእትዬ ቤት ጥጥና አልኮል አይታጣም። መጀመሪያ በላጲስ በቀስታ አሸሁት፣ ከዚያም እሳቸው ጥጡን ነጥቀውኝ “አንተ ልጅ፣ አልኮል እንዲህ አይጠጣም፣ ጥጡ ይረጥባል እንጂ አይንጠባጠብም” እያሉ ራሳቸው ጨረሱት። በጆሮ ኩክ ማውጫ እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልለው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሲያጸዱ እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

እንደገና ቁልፉ ተጫነ። ከርነሉ ተናገረ። ሃንድስፕሪንግ ቪዘር ተገኝቷል አለ፤ የፖርት (የመገናኛ በር) ብዛት 2፤ ፖርት 1 ለጠቅላላ አገልግሎት፣ ፖርት 2 ለማመሳሰል። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ወርቅ ናት። ሊኑክስ ሁለቱን ፖርቶች ‹ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0› እና ‹ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1› ብሎ ይሰይማቸዋል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ‹ፖርት 2› የተባለው ‹ዩኤስቢ 1› ነው። ፕሮግራሙን ዜሮ ላይ አስቀምጦ ግማሽ ቀን ሲጠብቅ የሚውል ሰው ብዙ ነው፤ ስህተትም አያሳይም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ቀጥሎ የመጣው ‹ፈቃድ ተከልክሏል› የሚል መልስ ነበር። ዴቢያን እነዚህን ፖርቶች ለሥርዓቱ አስተዳዳሪና ‹ዳያል አውት› ለሚባል የተጠቃሚዎች ቡድን ብቻ ነው የሚከፍተው። የቡድኑ ስም በስልክ መስመር ሞደም እየተደወለ ከሚሠራበት ዘመን የቀረ ነው። ራስን እዚያ ቡድን ውስጥ አስገብቶ፣ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ነው መፍትሔው። ሁሉንም ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማሠራት ያቀልላል የሚሉ አሉ። ያቀልላል፤ ከዚያ የሚወለዱት ፋይሎች ሁሉ የአስተዳዳሪው ይሆኑና በማግስቱ በራስዎ ስም ሲከፍቷቸው እምቢ ይላሉ። ፈቃድን መዝለል ችግሩን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ነው።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ መጣ።

የቀሩት ትንንሽ እንቅፋቶች ነበሩ፤ ያጋጠመው ሰው እንዲጠቀምባቸው ልጥቀሳቸው። የኢንተርኔት ሞደም ፈላጊ የሆነ አገልግሎት በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ አለ፤ አዲስ ፖርት ባየ ቁጥር ሞደም መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይነካካል። ቪዘር ትዕግሥቷ አጭር ስለሆነ፣ ሥራው እስኪያልቅ አገልግሎቱን ማስቆም ይበጃል። ሌላው፣ አንድ ፕሮግራም የቀድሞውን ፖርት ሳይለቅ ቁልፉ እንደገና ከተጫነ ፖርቶቹ 0 እና 1 መሆናቸው ቀርቶ 2 እና 3 ይሆናሉ። ለዚህ ‹ዩዴቭ› በሚባለው የሊኑክስ ክፍል ላይ አንድ መስመር ደንብ ይጻፋል፦ የቪዘር የማመሳሰያ ፖርት ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ‹ፓይለት› የሚል ቋሚ ስም ይኑረው። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ያንን ስም ብቻ ነው። ሦስተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙን አስነሥቶ ቁልፍ መጫን ሳይሆን፣ ቁልፉን ተጭኖ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ ፕሮግራሙን ማስነሣት። ፖርቱ የሚወለደው ከቁልፉ በኋላ ነውና።

ከማመሳሰል በፊት ግን ቅጂ። ‹ፓይለት ሊንክ› የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ በቪዘሯ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሳይነካና ሳያነጻጽር፣ እንዳለ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። የምንጭ ኮዱን አውርጄ ራሴ ነው ያጠናቀርኩት፤ የያዝኩት ዴቢያን አዘጋጅቶ አላቀረበልኝም። ትእዛዙን ስሰጠው የአድራሻው፣ የቀጠሮው፣ የማስታወሻውና የሥራ ዝርዝሩ ፋይሎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ወረዱ። እትዬ ከጎኔ ቆመው እያንዳንዱ ስም ሲወጣ “ገባ?” ይላሉ፣ እኔ “ገባ” እላለሁ። የመጣንበት ጉዳይ በእውነቱ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ስስት ያዘኝና ለምን በየጊዜው ከኮምፒውተር ጋር አናመሳስለውም አልኩ።

ማመሳሰል ከመቅዳት የተለየ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። በፓልም ዓለም እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ መለያ ቁጥርና ‹ተለውጫለሁ› የምትል ምልክት አለው። መሣሪያዋ መጨረሻ ያመሳሰለችው ከየትኛው ኮምፒውተር ጋር እንደሆነ ታስታውሳለች። ያው ኮምፒውተር ከሆነ ምልክት ያለባቸውን ብቻ ያስተላልፋሉ። ሌላ ከሆነ ምልክቱ አይታመንም፤ ሁሉም መዝገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነጻጸራል። ‹ጄ-ፓይለት› የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ደግሞ በመሣሪያዋ ላይ ያለው የባለቤት ስም ከሚያውቀው የተለየ ሆኖ ካገኘው አላመሳስልም ብሎ ይቆማል። ይህ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል። የአንዱን አድራሻ በሌላው ላይ ከመድፋት ማኩረፍ ይሻላል።

ስሙን አስማምቼ አመሳሰልኩ። ሁሉም ወረደ። ቀጠሮው ሲከፈት ግን የጽዋ ማኅበሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተቀምጧል። የእድሩ የእሁድ ስብሰባም እንዲሁ፤ ጅብ ካልሆነ በስተቀር በዚያ ሰዓት አባዶ ላይ የሚሰበሰብ የለም። ቪዘሯን አንሥቼ ሰዓቷን አየሁ። ከእኔ ኮምፒውተር በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያዋን ሲረከቡ ያደረጉት ነገር ይህ ነበር። እኛ ሌሎቻችን ስልካችን 9:00 ሲል በልባችን 3 ሰዓት እንላለን፤ ለምደነዋል። እሳቸው ይህን የልብ ስሌት አልፈለጉትም፤ ሰዓቷን ራሷን ወደ ኋላ መለሷት። ጎህ ሲቀድ ስክሪኑ 12:00 ይላል፣ ቀትር ላይ 6:00 ይላል፣ ጀንበር ስትጠልቅ እንደገና 12:00። ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር የሚለው ለእሳቸው ቀን ሆኖ፣ ከቀትር በኋላ የሚለው ደግሞ ማታ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቀኑም የሚለወጠው ሰው ተኝቶ ሳለ አይደለም፣ በጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ የሚገጥም አደረጃጀት እኔ ባስብ ኖሮ አይመጣልኝም ነበር።

ችግሩ፣ ጄ-ፓይለት የመሣሪያዋን ሰዓት በኮምፒውተሩ ሰዓት የሚያስተካክል ተጨማሪ ክፍል አለው። ያ ክፍል ቢሠራ ቪዘሯ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ትዘልላለች፤ ቀጠሮዎቹ ግን የሰዓት ክልል የሚባል ነገር ስለማያውቁ ባሉበት ይቀራሉ፤ ለጠዋቱ 3 ሰዓት የተሞላው ደወል ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጮሃል። ላጥፋው ብዬ ነበር። ከዚያ የእትዬ ሰዓት የት አገር እንደሆነ ማስላት ጀመርኩ። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ትቀድማለች፤ ከዚያ ስድስት ሲቀነስ በሦስት ወደ ኋላ የቀረ አገር ይፈለጋል። አርጀንቲና! እትዬ እነዚህን ሁሉ ዓመታት አባዶ ተቀምጠው በቦነስ አይረስ ሰዓት ሲኖሩ ነበር።

ሊኑክስ ላይ አንድን ፕሮግራም ብቻ ከቀሩት በተለየ የሰዓት ክልል ማስነሣት ይቻላል። ጄ-ፓይለት ብቻውን ቦነስ አይረስ ሆኖ እንዲነሣ አደረግሁት፤ ሰዓት አስተካካዩንም አልዘጋሁትም። ቪዘሯ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ ኖሯል፤ በዚያው ተስተካከለች። እትዬ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው፣ ቪዘሯን አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀኑ ከሰዓቱ የባሰ ነበር። ቪዘር አሥራ ሦስት ወር አታውቅም። የማርያም ጽዋ ወር በገባ በ21 ነው፤ በፈረንጅ ወር ደግሞ ይህ ቀን እየተንሸራተተ ይሄዳል። በተለመደው ዓመት መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል፣ ጥቅምት 21 ኦክቶበር 31 ላይ፤ አንዱ የፈረንጅ ወር ሁለት ማርያም ይዞ ሴፕቴምበር ባዶውን ይቀራል። እትዬ ይህን የፈቱት ‹በየወሩ› የሚለውን ትተው ‹በየ30 ቀኑ› በማለት ነው። ከመስከረም 21 ጀምሮ በየሠላሳ ቀኑ፣ ነሐሴ 21 ላይ እንዲቆም። ጳጉሜን ስትመጣ ቆጠራው ይቋረጣል፤ ለአዲሱ ዓመት አዲስ መዝገብ ይከፈታል። የእኛ አሥራ ሁለት ወሮች እኩል ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ያለ አንዲት ቀን ስህተት ይሠራል።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲታይ ግን የተበላሸ ይመስላል። ‹ዕለታዊ፣ በየ30 ቀኑ› ይላል። ድሮ መሥሪያ ቤታቸው የነበረ አንድ ባለሙያ ይህን አይቶ “ስህተት ነው፣ ላስተካክልልዎት” ብሎ ወርኃዊ አድርጎላቸው ነበር። መስከረም አለፈ። በሚቀጥለው ወር ቪዘሯ የደወለችው በ22 ነው፤ ድፎ ዳቦው ተጋግሮ፣ ጠላው ተጠልቆ፣ ማኅበርተኛው ግን በዋዜማው ያለ ድፎ ተሰብስቦ ተበትኖ ነበር። እስከ ዛሬ ይነሣባቸዋል። እኔ ያንን መዝገብ ስከፍት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ነበር፤ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ገብቶኛል። ምንም አልነካሁም። እንዲያውም ይህ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያጠፋሁት ጊዜ አብዛኛው ኮምፒውተሩ እሳቸውን እንዳያርማቸው በመከልከል ያለፈ ነው።

ፊደሉ ላይ ግን ተሸንፈናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ቪዘሯ በወጣችበት ዓመት ነው፤ በጊዜው ሊተዋወቁ አልቻሉም። ቪዘር ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው የምትመድበው፤ ይህ ማለት ከ256 ምልክት አይበልጥም፣ የእኛ ደግሞ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር ከ300 ያልፋል። ኮምፒውተሩ ላይ በአማርኛ ጽፎ ወደ እሷ መላክ ስሙን አጥፍቶ መላክ ነው። ስለዚህ እትዬ ሁሉን የጻፉት በላቲን ነው፤ ለ‹ተ› ትንሿን፣ ለ‹ጠ› ትልቋን ፊደል እየለዩ። የሚጽፉት በስክሪኑ ታች ባለችው ሳጥን በእንጨት መሰል ብዕር፣ ግራፊቲ በሚባለው የአንድ ጭረት አጻጻፍ ነው። ‹ኤፍ›ን ሲጭሩ የእኛን ‹ገ› የጻፉ ይመስላል። ፍጥነታቸው የሚገርም ነው፤ እኔ በስልኬ የምጽፈውን ሳልጨርስ ይቀድሙኛል።

ለእድሩ በአማርኛ የሚታተም ዝርዝር አወጣሁ፤ ከቪዘሯ ወደ ወረቀት ብቻ የሚሄድ፣ የማይመለስ። ላቲኑ ‹ሰ› ይሁን ‹ሠ›፣ ‹አ› ይሁን ‹ዐ› ስለማይነግር እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ ስሞቹን አቀኑ። ሰው ስሙ ተሳስቶ ሲጻፍ እድር ላይ እንዴት እንደሚቆጣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ዝርዝሩ ውስጥ ስድስት አሃዝ ብቻ ያላቸው የስልክ ቁጥሮች ነበሩ፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ቁጥሮች ከመለወጣቸው በፊት የተመዘገቡ። ይሰረዙ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቪዘር መዝገብን በምድብ መከፋፈል ትፈቅዳለች፤ አንዱን ምድብ እትዬ ላረፉት ሰጥተውታል። “የት ቢደውሉ እንደማይነሣ አውቃለሁ። ቀብር ማን እንደቆመ የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ፤ ይቀመጥ” አሉ። ተቀመጠ።

አንድ ነገር ሳልነግራቸው መቅረት አልፈለግሁም። የፓልም ቀጠሮ ዓመትን የሚቆጥረው ከ1904 ጀምሮ በሰባት ቢት ነው፤ በሰባት ቢት የሚደረሰው 127 ድረስ ስለሆነ ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ2031 ያልቃል። የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ነው። እትዬ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና “ያ ዓመት መስከረም የሚገባው በ12 አይደለም?” አሉኝ። ልክ ናቸው፤ 2023 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ናት፣ ስለዚህ 2024 የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ቆጠራቸውን ጨረሱ። “ታኅሣሥ 21። ማርያም ናት!” አሉ፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ገና እየፈለግሁ ነበር።

ብዕሯን ከቪዘሯ ጎን መዝዘው ወደ 2031 ሄዱ። ኦክቶበር 2 ላይ ‹ጽዋ፣ 3:00፣ በየ30 ቀኑ› ብለው ጻፉ፤ መጨረሻ ቀን ሲጠየቁ ዲሴምበር 31ን መረጡ። ለዚያ ዓመት አራት ማኅበር ብቻ ነው የገባው። ከዚያ ከታኅሣሡ ጽዋ ላይ ማስታወሻ ጨመሩበትና መልሰው መቀመጫው ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲወርድ አነበብኩት፦ ‹ተረኛ - እኔ። አዲስ ደብተር ይገዛ›።